ሁለት ሳንቲም በሳምንት፦ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሚሲዮን ማኅበራት ታሪክ

የሴቶች የሚሲዮን ማኅበር የሚባለው የተቋም ዓይነት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የተመሠረተ ነው። የአንድ አጥቢያ ሴት ምእመናን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ በሌላ አገር ለሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና የሙት ልጆች ማሳደጊያ የሚያቆሙበት፣ ሠራተኛ የሚልኩበትና የላኩትን ሠራተኛ ሥራ የሚከታተሉበት ማኅበር ነው። ሚሲዮን የሚለው ቃል በዋናነት ወንጌልን ለማስፋፋት የሚደረገውን የመላክ ሥራ የሚያመለክት ቢሆንም፣ በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ ማስተማርና ማከም ከስብከቱ ተነጥለው የሚታዩ ተግባራት አልነበሩም።

የማኅበራቱ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ባሕር ተሻግረው በሄዱት መምህራንና ሐኪሞች የሕይወት ታሪክ በኩል ነው። ነገር ግን ማኅበራቱን ከሌላው የቤተ ክርስቲያን ምጽዋት የለያቸው የላኳቸው ሰዎች ብርታት ወይም የገንዘባቸው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡን ያዋጡት ሴቶች ራሳቸው ገንዘብ ያዥም፣ ወሳኝም፣ ተቆጣጣሪም ሆነው መቆየታቸው ነው። የተቋሙ መነሣት፣ መስፋፋትና መዳከም በአመዛኙ ካዝናው በማን እጅ ነበር ከሚለው ጥያቄ ጋር ተያይዞ የሄደ ስለሆነ፣ የሚከተለው ትረካ ይህንኑ ጥያቄ ይከተላል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብ

በ1800ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ትኖር የነበረች ባለትዳር ሴት በሕግ ፊት የራሷ የሆነ ንብረት እምብዛም አልነበራትም፤ ከእንግሊዝ በተወረሰው ሕግ መሠረት ወደ ትዳሯ ይዛው የመጣችውም ሆነ በኋላ ለፍታ ያገኘችው ሀብት በባሏ እጅ የሚተዳደር ሲሆን፣ ይህ ሁኔታ በሰፊው መለወጥ የጀመረው ኒው ዮርክ በ1848 ያወጣችውን የመሳሰሉ ሕጎች ለባለትዳር ሴቶች የንብረት መብት ከሰጡ በኋላ ነው። በልማድ ግን ከጓዳ የሚወጣው ጥቂት ነገር፣ ማለትም የእንቁላል፣ የቅቤና የእጅ ሥራ ሽያጭ፣ የቤቲቱ እመቤት ገንዘብ ተብሎ ይተውላት ነበር። የሚሲዮን መዋጮ የበቀለው ከዚህ ገንዘብ ነው፤ በገጠር የነበሩ ሴቶች ዶሮዎቻቸው እሑድ የጣሉትን እንቁላል ለብቻ አስቀምጠው በመሸጥ ዋጋውን ለሚሲዮን መስጠታቸው በስፋት የታወቀ ልማድ ነበር።

ይህን የጓዳ ገንዘብ በማኅበር ለማሰባሰብ ከተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ በ1800 በቦስተን የተቋቋመው ማኅበር ሲሆን፣ መሥራቿ ከልጅነት ጀምሮ መራመድ የማይችሉት የ21 ዓመቷ ሜሪ ዌብ ነበሩ፤ አብረዋቸው የተሰለፉት ከባፕቲስትና ከኮንግሪጌሽናል አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ ጥቂት ሴቶች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ ሜሂታብል ሲምፕኪንስ እያንዳንዷ ሴት በሳምንት አንድ ሳንቲም የምታዋጣበትን ማኅበር አስጀመሩ፤ ስሙም በዚችው ሳንቲም ተጠራ። አሳቡ ቀላል ነበር፦ በሳምንት አንድ ሳንቲም የማታገኝ የቤት እመቤት የለችም፣ የሺህ ሴቶች ሳንቲም ሲደመር ግን መጽሐፍ ያሳትማል፣ ሰባኪ ይልካል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት ያሰባሰቡትን ገንዘብ ወንዶች ለሚመሯቸው አጠቃላይ የሚሲዮን ቦርዶች ያስረክቡ ነበር። ቦርድ ማለት ሚሲዮናውያንን የሚመርጠው፣ ደመወዝ የሚቆርጠውና የሥራ ቦታ የሚደለድለው የአስተዳደር ጉባኤ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቦርዶች ያላገባች ሴት ለብቻዋ ወደ ሩቅ አገር መላክን አይደግፉም ነበር፤ ከባርነት ነፃ የወጡት ቤትሲ ስቶክተን በ1822 ወደ ሃዋይ ሲላኩ እንኳ የሄዱት ከአንድ የሚሲዮናዊ ቤተሰብ ጋር ተዳብለው ነበር። የሚሲዮናውያን ሚስቶች ደግሞ ልጅ እያሳደጉና ቤት እያስተዳደሩ የሴቶች ትምህርት ቤት ማካሄድ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በየደብዳቤያቸው ይገልጹ ነበር።

ሁኔታውን ይበልጥ ያጠበበው ዘናና የሚባለው የሰሜን ሕንድ የኑሮ ሥርዓት ነው። ዘናና በሙስሊምና በባለ ከፍተኛ ካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወሰን ከፍተኛ የማኅበረሰብ መደብ ባሉ፣ ሂንዱ ቤተሰቦች ዘንድ ሴቶች ከባዕድ ወንድ ዓይን ተለይተው የሚኖሩበት የቤት ክፍል ነው፤ ወደዚያ የሚገባ ወንድ መምህርም ሆነ ወንድ ሐኪም ስለማይፈቀድ፣ በምጥ የተያዘች ሴት የሠለጠነ ሐኪም ሳያያት ልትሞት ትችል ነበር። ስለዚህ ለሴቶች የምትላክ ሴት ታስፈልጋለች የሚለው ክርክር ከ1830ዎቹ ጀምሮ እየጎላ ሄደ፤ በ1834 በለንደን በምሥራቅ አገሮች የሴቶችን ትምህርት የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1861 ደግሞ ሳራ ዶሬመስ የተባሉ የኒው ዮርክ ሴት ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ሴቶችን ያቀፈና በወንዶች ቦርድ ሥር ያልሆነ የሚሲዮን ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት የፈነዳው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለጉዳዩ ያልታሰበ እርዳታ አደረገ፤ ለቁስለኛ ፋሻና ስንቅ በማሰባሰብ ብዙ ሺህ ሴቶች ስብሰባ መምራት፣ ሒሳብ መያዝና ዕቃ ማጓጓዝ ተማሩ፣ ጦርነቱም ሲያበቃ ይህን ችሎታ ይዘው ወደየአጥቢያቸው ተመለሱ።

የ1869ኙ የቦስተን ስብሰባ

ለዚህ ተቋም እንደ ዋና ምሳሌ የሚወሰደው የሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች የውጭ ሚሲዮን ማኅበር ነው። መነሻው ከሕንድ የተመለሱ የሁለት ሚሲዮናውያን ሚስቶች፣ ሎይስ ፓርከርና ክሌመንቲና በትለር፣ መጋቢት 23 ቀን 1869 በቦስተን በትሬሞንት ጎዳና ቤተ ክርስቲያን የጠሩት ስብሰባ ሲሆን፣ ዕለቱ ኃይለኛ ዝናብ ስለነበር ጥሪው ለብዙ አጥቢያዎች ደርሶ ሳለ የተገኙት ከጥቂት ሴቶች አይበልጡም ነበር። የተገኙት ግን መተዳደሪያ ደንብ አርቅቀው ማኅበሩን አቋቋሙ።

ማኅበሩ ገና ከመወለዱ የገጠመው ክርክር የተቋሙን የኋላ ታሪክ ሁሉ የሚያሳይ ነው። የአጠቃላዩ የሚሲዮን ማኅበር ሹማምንት ሴቶቹ ገንዘብ ማሰባሰባቸውን አልተቃወሙም፤ የፈለጉት ገንዘቡ ወደ እነርሱ ካዝና ገብቶ ማን እንደሚላክና የት እንደሚሠራ እነርሱ እንዲወስኑ ነው። ሴቶቹ ይህን አልተቀበሉም። በስምምነቱ መሠረት ማኅበሩ ሚሲዮናውያኑን ራሱ መርጦ እንዲልክ ሲፈቀድለት፣ በአጸፋው በመደበኛ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወይም በሕዝብ ስብሰባ ላይ ገንዘብ እንዳይሰበስብ ተከለከለ፤ ሰበቡም የሴቶቹ መዋጮ የአጠቃላዩን ማኅበር ገቢ እንዳይሻማ የሚል ነበር።

ክልከላው የማኅበሩን ቅርጽ ወሰነው ማለት ይቻላል። በእሑድ መባ መሰብሰቢያ ላይ መቅረብ ስለተከለከሉ፣ ከሀብታም ነጋዴዎች ዳጎስ ያለ ስጦታ በአንድ ጊዜ የሚገኝበት መንገድ ተዘጋባቸው፤ የቀራቸው የእያንዳንዷን ሴት ቤት ማንኳኳት ነበር። በመሆኑም ዓመታዊው የአባልነት መዋጮ አንድ ዶላር ሆኖ ተወሰነ፣ ይህም በየሳምንቱ ሁለት ሳንቲምና አንድ ጸሎት በሚል አነጋገር በየአጥቢያው ተሰበከ። ሁለት ሳንቲም ለሃምሳ ሁለት ሳምንት ሲባዛ ከአንድ ዶላር ትንሽ ይበልጣል፤ ድሀዋም ባለጸጋዋም በእኩል ደረጃ አባል የሚሆኑበት ልክ ነበር።

የመጀመሪያዋ ዕጩ ኢዛቤላ ቶበርን የተባሉ የኦሃዮ መምህርት ነበሩ። በማኅበሩ ዘንድ ሲተላለፍ በኖረው ትረካ መሠረት፣ በካዝናው ያለው ገንዘብ ለጉዞ አይበቃም ተብሎ ጉዳዩ ሊዘገይ ሲል ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ተነሥተው የሐር ቀሚስ ከመልበስ ተቆጥበን በርካሽ የጥጥ ቀሚስ በቦስተን ጎዳና ብንታይ ይሻላል በማለት ውሳኔውን አስለወጡ። ቶበርንና በዚያው ዓመት ከፔንስልቬንያ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ የተመረቁት ዶክተር ክላራ ስዌን በኅዳር 1869 ከኒው ዮርክ ተሳፍረው በጥር 1870 ሕንድ ገቡ።

ሳንቲሟ የምትጓዝበት መንገድ

የማኅበሩ አሠራር ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። በታችኛው ደረጃ በየአጥቢያው የሚቋቋመው ረዳት ማኅበር ይገኛል፤ ይህም በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰበ ጸሎት የሚያደርስ፣ ከሚሲዮን አገር የመጣ ደብዳቤ የሚያነብና መዋጮ የሚሰበስብ የሴቶች ስብስብ ነው። ከዚህ በላይ የተወሰኑ ግዛቶችን የሚያስተዳድረው ቅርንጫፍ ሲኖር፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ሚሲዮናውያን ያስተዳድራል፣ ከእነርሱም ጋር በቀጥታ ይጻጻፋል። በላይኛው ደረጃ የቅርንጫፎቹ ተወካዮች በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝተው በጀት የሚያጸድቁበት ጠቅላላ ሥራ አስፈጻሚ ጉባኤ ነበር። ብዙውን ጊዜ በባንክ በስማቸው የሚጠራ ሀብት ያልነበራቸው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ ጉባኤም ድምፅ ያልነበራቸው ሴቶች በዚህ ጉባኤ የትምህርት ቤት ሕንፃ ዋጋ ይከራከሩ፣ የሐኪም ደመወዝ ይወስኑ ነበር።

የመዋጮው ዋና መሣሪያ ከካርቶን የተሠራችው ትንሽ ሙዳየ ምጽዋት ናት። በእንግሊዝኛ ስሟን ያገኘችው በማርቆስ ወንጌል ከተጻፈላት፣ ያላትን ሁሉ ከሰጠችው መበለት መባ ሲሆን፣ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ሳንቲም ይጠራቀምባትና በተወሰነ ቀን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ትከፈታለች። ልጆችም የየራሳቸው ሳጥን ስለነበራቸው፣ የመስጠት ልማድ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህች ዕቃ በኩል ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያ የኅትመት ሥራ ነው። ማኅበሩ በተመሠረተ በሁለት ወሩ፣ በግንቦት 1869፣ በሃሪየት ዋረን አዘጋጅነት የራሱን ወርሃዊ መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ መጽሔቱ ከየአገሩ የሚላኩ ደብዳቤዎችንና የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ገቢ እያወጣ፣ በአንድ የገጠር ከተማ ያለች ሴት የሰጠችው ገንዘብ የት እንደደረሰ እንድታውቅ ያደርግ ነበር። ጠቅላላው አሠራር የቆመው በዚህ ግልጽነት ላይ ነው፤ ሁለት ሳንቲም የሰጠችው ሴት ሪፖርት የመጠየቅ መብት እንዳላት ታምን ነበርና።

ተመሳሳይ አሠራር በአውሮፓም ሰፍኖ ነበር። በስዊድን የሚሲዮን የስፌት ማኅበራት የሚባሉ የሴቶች ስብስቦች እየተገናኙ ይሰፉ፣ ይሸምኑና ይጠልፉ ነበር፤ የሠሩት ዕቃ በጨረታ ተሸጦ ገቢው ለሚሲዮን ይውል ነበር። ከዚህ ድጋፍ ተጠቃሚ የሆነው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በ1866 ምፅዋ የገባ ሲሆን፣ በከተማዋ አጠገብ በእምኩሉ ባቋቋመው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከተማሩት መካከል በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የተለቀቀችው ኦሮሞይቱ አስቴር ጋኖ ትገኛለች። አስቴር በኋላ ከተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በመሥራት ለኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ዝግጅትና በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጋለች።

የተገነባው

ቶበርን በሚያዝያ 1870 በለክናው ከተማ፣ በአሚናባድ ገበያ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ክፍል፣ ስድስት ልጃገረዶችን ይዘው ትምህርት ጀመሩ፤ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መሄዳቸው ያስቆጣው ሰው እንዳይረብሽ ዱላ የያዘ ወጣት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ላል ባግ ወደሚባለው ሰፊ ግቢ ተዛውሮ በ1886 የኮሌጅ ትምህርት መስጠት ጀመረ፣ መሥራቿም በ1901 በኮሌራ ካረፉ በኋላ በስማቸው ተሰየመ። ኢስመት ቹግታይና ቁረቱለይን ሃይደር የመሳሰሉ ታላላቅ የኡርዱ ጸሐፍት ከዚህ ኮሌጅ የወጡ ናቸው፤ ይህም ቀዳሚዎቹ መዋጮ ሰጪዎች ካሰቡት ውጤት በእጅጉ የራቀ ነበር።

ዶክተር ስዌን በባሬሊ የጀመሩት ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። በደረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ እዚያው ከነበረው የሙት ልጆች ማሳደጊያ የተመረጡ ልጃገረዶችን የሕክምና ትምህርት ማስተማር ጀመሩ፤ ለሐኪም ቤት የሚሆን መሬት ፍለጋም የራምፑርን ናዋብ፣ ማለትም የአካባቢውን ሙስሊም ገዢ፣ ደጅ ጠኑ። ናዋቡ የተጠየቀው ጥቂት መሬት ሲሆን በ1871 የሰጠው ግን 40 ኤከር የሚጠጋ ቤት ያለበት ርስት ነበር። በ1874 የተከፈተው ሐኪም ቤት በእስያ ለሴቶች ብቻ ከተቋቋሙት ዘመናዊ ሐኪም ቤቶች ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል፤ ታማሚዋ ቤተሰቧን ይዛ እንድትገባና የካስቷን የምግብ ሥርዓት እንድትጠብቅ ተደርጎ መደራጀቱም ለተቀባይነቱ ረድቶታል።

በኮሪያ የተከናወነው ደግሞ የእነዚህ ማኅበራት ሥራ ምን ያህል በትንሹ እንደሚጀምር ያሳያል። በ1885 ሴኡል የገቡት ሜሪ ስክራንተን ለአንድ ዓመት ያህል ተማሪ አላገኙም፤ በ1886 የመጣችው የመጀመሪያዋ ተማሪ የአንድ ሹም ቁባት ስትሆን ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየችም። ቀጥላ የመጣችው የድሀ ልጅ ነበረች፤ ጎረቤቶቿ ፈረንጆቹ ልጅሽን ወደ አገራቸው ይወስዱብሻል እያሉ እናቷን ስላስፈሯት፣ ስክራንተን ልጅቷን ያለ ወላጆቿ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር ይቅርና አሥር ሊ፣ ማለትም አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንኳ ይዘው እንደማይሄዱ የሚገልጽ የውል ወረቀት ፈርመው ሰጡ። በ1887 ንጉሥ ጎጆንግ ኢህዋ፣ የፒር ዛፍ አበባ፣ የሚል ስም የሰጡት ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በዓለም ካሉት ታላላቅ የሴቶች ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ በ2006 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃን ምዮንግ ሱክም የተማሩት እዚያ ነው።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ። የደቡብ ባፕቲስት ሴቶች በ1888 ማኅበራቸውን አቋቁመው፣ በቻይና ብቻቸውን ይሠሩ የነበሩት ሎቲ ሙን ባቀረቡት አሳብ መሠረት በዚያው ዓመት የገና መዋጮ ሰበሰቡ፤ የተገኘው 3,315 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ጋር ሲሆን ሦስት ሴቶችን ለመላክ በቅቷል። መዋጮው ከ1918 ጀምሮ በሎቲ ሙን ስም እየተጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይሰበሰባል።

ከፍታው

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት ከ40 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሴቶች የሚሲዮን ማኅበራት ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት ነበሯቸው፤ በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሴቶችን ያቀፈ ሌላ የሴቶች ንቅናቄ በአገሪቱ አልነበረም ለማለት ያስደፍራል። ከአሜሪካ ወደ ውጭ ከተላኩት ሚሲዮናውያን መካከልም የሚበዙት ሴቶች ሆነው ነበር። ከ1900 ጀምሮ ማኅበራቱ በጋራ ኮሚቴ አማካይነት በየዓመቱ አንድ የማጥኛ መጽሐፍ ያሳትሙ ስለነበር፣ ከትንሽ ከተማ ወጥታ የማታውቅ ሴት ስለ ቻይና ታሪክ ወይም ስለ አፍሪካ መልክዓ ምድር ከጎረቤቶቿ ጋር ትወያይ ነበር። በ1910 እና በ1911 የንቅናቄው 50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ከአገሪቱ አንድ ዳር እስከ ሌላው በተካሄዱ ስብሰባዎች ሲከበር፣ ሄለን ባሬት ሞንትጎመሪና ሉሲ ፒቦዲ የመሩት ይህ ዘመቻ ብቻውን አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኘ።

የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራ በእስያ ለሚገኙ ሰባት የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የተደረገው የገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ከእነዚህም መካከል የለክናው ኮሌጅ፣ በቻይና የጂንሊንግ ኮሌጅ፣ በጃፓን የቶኪዮ ሴቶች ክርስቲያን ኮሌጅና ኢዳ ስከደር በ1918 በደቡብ ሕንድ በቬሎር የከፈቱት የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ይገኙበታል። የሮክፌለር ቤተሰብ ድርጅት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል የገባው ሴቶቹ ሁለት ሚሊዮን ካሰባሰቡ ብቻ በሚል ቅድመ ሁኔታ ሲሆን፣ ዘመቻው በ1923 መጀመሪያ ግቡን መታ። በእርግጥ ይህ ገንዘብ በሁለት ሳንቲም ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ ቢሆንም ትልልቆቹን ሰጪዎች እንዲተማመኑ ያደረጋቸው ለሃምሳ ዓመታት ሳይዛነፍ የቆየው የሁለት ሳንቲሞቹ ሒሳብ ነበር።

የስጦታው ጥላ

የተቋሙ ታሪክ ያለ ጉድለቱ ቢነገር ግማሹ ይቀራል። የ1869ኙ መጽሔት እስከ 1896 ድረስ የእስያን ሴቶች አረማዊት ብሎ በሚጠራ ርእስ ይታተም ነበር፤ ሰጪዎችን ለማነሣሣት በየገጹ የሚሣለው ሥዕልም ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሌላት፣ የተጨቆነችና አዳኝ የምትጠብቅ ሴት ሥዕል ነበር። ሥራው የተካሄደው በአብዛኛው የአውሮፓ ቅኝ አገዛዝ በሰፈነባቸው አገሮች ወይም በጦር መርከብ አስገዳጅነት በተከፈቱ ወደቦች ስለነበር፣ የአገሬው ሰው ትምህርት ቤቱን ከገዢው ለይቶ ማየት ሁልጊዜ አይችልም ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ተብለው በየቤቱ እየዞሩ ያስተምሩ የነበሩት የአገሬው ተወላጆች ሥራውን በአብዛኛው ሲሸከሙ፣ ደመወዛቸው ከሚሲዮናዊቷ እጅግ ያነሰ፣ በውሳኔም ቦታ ያልነበራቸው ነበሩ።

የስጦታን ባሕርይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የስም ጉዳይ ነው። ገና ከ1820ዎቹ ጀምሮ በዚያን ጊዜ ሲሎን በምትባለው ስሪላንካ በአሜሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ያደሩ የታሚል ልጆች የዓመት ወጪያቸውን የሸፈነላቸውን አሜሪካዊ ሰው ወይም ያ ሰው የመረጠውን ስም ይዘው ያድጉ ነበር፤ ልማዱም በሕንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ቀጠለ። ለሰጪዋ ይህ የፍቅር ምልክት ነበር፣ የሞተች ልጇ በሩቅ አገር በሌላ ሕፃን ስም እንደምትታወስ ይሰማታል፤ ለልጅቷ ግን የአባቷንና የአገሯን ስም ማጣት ማለት ነበር። ከአንድ ሰጪ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስጦታ ገንዘብ ለማሰባሰብ እጅግ የሚቀል ቢሆንም ተቀባዩን ባለዕዳ ስለሚያደርግ፣ የማኅበራቱ አስተዳዳሪዎች ሰጪዎች ለአንድ ልጅ ከመስጠት ይልቅ ለጠቅላላው ሥራ እንዲሰጡ ደጋግመው ይመክሩ ነበር።

ተቀባዮቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የቶበርን ተማሪና ባልደረባ የነበሩት ሊላቫቲ ሲንግ በ1900 በኒው ዮርክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሚሲዮን ጉባኤ ንግግር አድርገው ታዳሚውን አስደነቁ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቤንጃሚን ሃሪሰን ሳይቀሩ አድናቆታቸውን በይፋ ገለጹ። መጽሔቶቹ ሲሥሉት በኖሩት ሥዕልና በመድረኩ ላይ በቆመችው ምሁር መካከል የነበረው ርቀት ለአንባቢዎቹ የተገለጠው በእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ ነበር።

ካዝናው ከእጅ ሲወጣ

ማኅበራቱ በከፍታቸው ሳሉ በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ የአስተዳደር ውሕደት ጥያቄ ተነሣ። ሁለት ቦርድ ለአንድ ሥራ ድርብ ወጪ ነው የሚለው ክርክር በንግድ ድርጅት አሠራር ለተማረከ ትውልድ አሳማኝ መስሎ ስለታየ፣ በአሜሪካ ደቡብ በነበረችው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶቹ ቦርዶች በ1910 ከአጠቃላዩ ቦርድ ጋር ተዋሐዱ፣ የኮንግሪጌሽናል ሴቶች በ1927 ተከተሏቸው። በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1923 የተደረገው መልሶ ማደራጀት የሴቶቹን የውጭ ሚሲዮን ቦርድ ሳያማክር ያፈረሰ በመሆኑ ብርቱ ቅሬታ ፈጠረ፤ ማርጋሬት ሆጅና ካትሪን ቤኔት በ1927 ለቤተ ክርስቲያኒቱ ባቀረቡት ዘገባ የቅሬታውን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ሴቶች ያቆሙት ተቋም ያለ ፈቃዳቸው መወሰዱን በግንባር ቀደምትነት አንሥተዋል።

ኪሳራው ያስከተለው ምላሽም ነበር። በደቡቧ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶቹን ሥራ ይመሩ የነበሩት ቤል ቤኔት ውሕደቱን ማስቀረት ያልቻሉት ሴቶች በቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ ጉባኤ ድምፅ ስለሌላቸው መሆኑን በመገንዘብ ለድምፅ መብት ዘመቻ ከፈቱ፤ መብቱ በ1918 ተፈቅዶ የመጀመሪያዎቹ ሴት ልዑካን በ1922 በጉባኤው ተቀመጡ። የሁለት ሳንቲም መዋጮ ያስተማረው የካዝና ቁጥጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ጥያቄ የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው።

የ1869ኙ ማኅበር ግን ከሌሎቹ ለየት ባለ ሁኔታ ራሱን ችሎ እስከ 1939 የሜቶዲስት አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ድረስ ቆየ፤ ከዚያም በኋላ የሴቶች ክፍል በሚል ስም ሀብቱንና ውሳኔውን ይዞ ቀጠለ። በ1964 በተደረገ ለውጥ ግን በውጭ አገር የነበሩትን ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች የማስተዳደሩ ሥራ ወደ አጠቃላዩ ቦርድ ሲዛወር፣ ሴቶቹ ገንዘብ የማሰባሰቡንና የመመደቡን ሥልጣን አስቀሩ። ይህ ሥልጣን ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚያ በፊትም ታይቶ ነበር፦ ክፍሉ ጥቁርና ነጭ አባላቱን በአንድነት ለማሰባሰብ ሕግ በየትኛው ግዛት እንደሚፈቅድ ማወቅ ስለፈለገ ፖሊ ሙሬ የተባሉትን ጥቁር የሕግ ባለሙያ እንዲያጠኑ ጠየቃቸው፣ እርሳቸውም በ1951 የየግዛቱን የዘር ሕጎች ያሰባሰበ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጡ፤ መጽሐፉ መድልዎን ለሚቃወሙ ጠበቆች ዋና መሣሪያ ሆነ። በ1963 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በሴቶቹ ባለቤትነት ሕንፃ ተሠርቶ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ በዓለም አቀፍ መድረክ ለሚከታተሉ ድርጅቶች መቀመጫ ሆነ።

ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት

የተቋሙ አንድ ውጤት በተላከባቸው አገሮች ራሱ መራባቱ ነው። በደቡብ አፍሪካ ማንያኖ የሚባሉት የሴቶች የጸሎት ማኅበራት፣ በሜቶዲስቶች ዘንድ በቀይ ሸሚዝና በነጭ ኮሌታ የሚታወቁት፣ ብዙዎቹ አባላት የቤት ሠራተኞች ስለነበሩ በዕረፍታቸው ቀን በሐሙስ እየተሰበሰቡ ገንዘብ ያዋጡ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃና ለችግረኛ ቤተሰብ ይደርሱ ነበር። ከሚሲዮናዊቷ ቁጥጥር ወጥተው የራሳቸውን አመራር ያበጁት በፍጥነት ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1956 ከእስያ የተነሣው የትንሿ ሳንቲም ኅብረት ነው። ሻንቲ ሰለሞን የተባሉ ሕንዳዊት ክርስቲያን ከልዩ ልዩ አገር ሴቶች ጋር በእስያ ሲጓዙ የኮሪያ መግቢያ ፈቃድ ስለተከለከሉ በፊሊፒንስ ቀርተው ባልደረቦቻቸውን በሚጠብቁበት ጊዜ አሳቡን አፈለቁ፦ ድንበርና ጦርነት የማያግዳት ጸሎት ናት፤ ስለዚህ በየትኛውም አገር ያለች ሴት ስትጸልይ የአገሯን ገንዘብ ትንሿን ሳንቲም ታስቀምጥ። የጃፓኗም፣ የሕንዷም፣ የአሜሪካዋም ሴት ከአገሯ ገንዘብ ትንሿን እንጂ ከዚያ በላይ እንድትሰጥ ስለማትጠየቅ፣ ሰጪና ተቀባይ የሚባል ልዩነት በደንቡ ተሻረ። የተጠራቀመው ገንዘብ ዛሬም በእስያ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጉባኤ አስተዳዳሪነት በልዩ ልዩ አገሮች ለሴቶችና ለሕፃናት ፕሮጀክቶች ይከፋፈላል።

የ1869ኙ ማኅበር ወራሽ በ2012 ከአጠቃላዩ የሚሲዮን ቦርድ ተለይቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ሲሆን፣ በ2022 ስሙን የእምነት ሴቶች ኅብረት በሚል ትርጉም ሊጠራ ወደሚችል አዲስ መጠሪያ ለውጧል። የአባላቱ ዕድሜ መግፋትና ቁጥራቸው መቀነስ፣ እንዲሁም መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የትምህርትና የጤናን ሥራ በስፋት መያዛቸው የቀድሞውን ስፋት እንዳይመልስ አድርጎታል። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የዘለቀው ልምድ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ መዋጮው ፍሬ ያፈራው ሰጪዋ ስለ ገንዘቧ የመጠየቅና የመወሰን መብት ባላት ጊዜና ቦታ ሲሆን፣ ጉድለቱም የሚመነጨው ያንኑ መብት ለተቀባይዋ ከመንፈግ ነበር። የለክናው ኮሌጅ በሕንዳውያን፣ የኢህዋ ዩኒቨርሲቲም በኮሪያውያን ሴቶች እጅ ሲገቡ ይህ የተቀባይዋ መብት ተሟልቷል፤ በየአገሩ ዛሬ በመዋጮ የሚቆም ማንኛውም የሴቶችና የሕፃናት ተቋም ሊመዘን የሚገባውም በሰበሰበው ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን ሒሳቡን ለማን እንደሚያቀርብ ነው።